ከድልድዩ ሥር

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በታኮማ ከተማ ምዕራባዊ ዳር፣ ናሮውስ የሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ይመለሳል። በላዩ ሁለት ተንጠልጣይ ድልድዮች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። የሚሻገር ሰው ግራ ቀኙን ቢመለከት ጥድ የለበሰ ኮረብታ ያያል፣ ዝቅ ያለ ደመና ያያል፣ ምናልባትም አንዲት ጀልባ ያያል። ከሥሩ ያለውን ግን አያየውም። ከሥሩ ሌላ ድልድይ ተኝቷል።

የተኛው ድልድይ የመጀመሪያው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1 ቀን 1940 ለመንገደኛ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 7 ቀን ወደቀ። የጣለው ነፋስ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር ብርቱ የሚባል አይደለም። ድልድዩ ግን ወገበ ቀጭን ነበረና መወዛወዝ ጀመረ፤ አንዱ ውዝዋዜ የሚቀጥለውን እያበረታ፣ የሚቀጥለውም የሚከተለውን እያበረታ፣ ብረትና ኮንክሪቱ እንደ ተሰጣ ልብስ ተገላበጠ። በ1950 አዲስ ድልድይ ተሠራ። የአዲሱ ድልድይ ማማዎች የቆሙት የፊተኛው ማማዎች ቆመውበት በነበረው መሠረት ላይ ነው። የወደቀው አካል ዛሬም ከባሕሩ ወለል ላይ አለ፤ ዓሣዎች ይጠለሉበታል።

በዚህች ከተማ፣ በ1993፣ አንድ የወጣቶች ባንድ ተመሠረተ። ዴቪድ ክኑድሰን ጊታር ይጫወት ነበር፤ ብራያን ኩክ ቤዝ ጊታር፤ ቲም ላቶና ድራም፤ ዴቭ ቬሬለን ድምፁን ይሰጥ ነበር። የባንዱ ስም ቦች ነው። በ1998 ሃይድራ ሄድ በተባለ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ በኩል የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። አሜሪካን ነርቮሶ አሉት። ዘጠኝ ዘፈኖች አሉበት። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1999፣ ሁለተኛው አልበማቸው ዊ አር ዘ ሮማንስ ወጣ፤ ዘመኑም ስማቸውን በዚያ በሁለተኛው ያዘው። ስለ ቦች የሚያወራ ሰው ከሁለተኛው ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለተኛው ይጨርሳል። የመጀመሪያው ከሥር ቀረ። እንደ ፊተኛው ድልድይ፣ አዲሱ በቆመበት ቦታ፣ ከውኃው በታች።

ከውኃው በታች ያለን ነገር ለማየት ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ፣ ጆሮም ጩኸቱን እስኪለምድ።

ሜታልኮር የሚባለው ሙዚቃ የሁለት ወንዞች መገናኛ ነው። አንዱ ሃርድኮር ፓንክ ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ትዕግሥት የሌለው፣ በጠባብ አዳራሽ ዘፋኙና አዳማጩ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፉበት። ሌላው ሄቪ ሜታል ነው፤ ከባድ፣ ድርብርብ፣ የእጅ ችሎታን የሚያከብር። ሁለቱ ሲገናኙ ቁጣው ክብደት ያገኛል፤ ክብደቱም ጥድፊያ ያገኛል። ቴክኒካል የሚለው ቅጽል የሚጨመረው ደግሞ በዚህ ቁጣ ውስጥ ስሌት ሲገባ ነው። ሰሚው በመጀመሪያ የሚሰማው ነገር ሲፈርስ ነው። ደጋግሞ ሲሰማው የሚፈርስ የመሰለው ነገር ሁሉ በየቦታው እንደ ተደረደረ ያስተውላል። በሁለተኛው መስማት ላይ፣ በሦስተኛውም ላይ፣ ፍርስራሹ ግንብ ይሆናል።

የባንዱ ስምም እንዲሁ ነው። ቦች ማለት ሥራን ማበላሸት፣ እጅ ላይ ያለን ነገር ማጨማለቅ ነው። ይህን ያህል የተለካ ሥራ የሚሠሩ ልጆች ራሳቸውን አበላሺ ብለው ጠሩ። በአገራችን ልጅ እንዳይቀጭ፣ ዓይን እንዳይገባው፣ ሆን ብሎ ዝቅ ያለ ስም የማውጣት ልማድ ነበር። ስሙ የልጁ መሸሸጊያ ነው፤ ሞት ሲያልፍ ንቆ ይተወዋል ተብሎ ይታመናል። የእነዚህ የታኮማ ወጣቶች ሐሳብ ያ ባይሆንም፣ ስሙ ያንኑ የሠራላቸው ይመስላል። ተላላፊው ስሙን አይቶ ያልፋል። የቆመ ሰው ብቻ በስሙና በሥራው መካከል ያለውን ርቀት ያያል።

የአልበሙን የመጀመሪያ ዘፈን ርዕስ ወደ አማርኛ ብንመልሰው የሃተን ታላቁ የሙቀት ሞተር ይሆናል። ሃተን የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ጄምስ ሃተን። በ1726 በኤድንብራ ተወለደ፤ ሕክምና ተማረ፤ ነገር ግን ሐኪም ሆኖ ሳይሠራ ወደ እርሻው ሄደ። እርሻው ላይ ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ፣ ጅረቱ አፈሩን ወደ ባሕር ሲወስድ አየ። ገበሬ ሁሉ ይህን ያያል። ሃተን የጠየቀው የሚቀጥለውን ነው፤ አፈር ሁልጊዜ ወደ ባሕር የሚወርድ ከሆነ ምድር እስካሁን እንዴት አላለቀችም? መልሱን ከታች አገኘው። በምድር ሆድ ውስጥ ሙቀት አለ፤ ያ ሙቀት በባሕር ወለል የተጋገረውን ደለል መልሶ ያነሣዋል፤ ተራራ ያደርገዋል፤ ተራራውም እንደገና ይታጠባል። የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ጄምስ ዋት ወዳጁ ነበር። ሃተን ምድርን ራሷን እንደ ሞተር አያት። ሐሳቡንም በ1785 ለኤድንብራ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ።

ከእኛ አገር ለሆነ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ኤርታ አሌ አፉን ከፍቶ የምድርን ሆድ ያሳያል። በሴፕቴምበር 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀች። ታኮማም ብትሆን በእሳት ደጅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከከተማዋ ባሻገር 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬኒየር ተራራ በረዶ ለብሶ ይታያል፤ እሳተ ገሞራ ነው። ታኮማ የሚለው ስም ራሱ የቀደሙት የአገሩ ሰዎች ይህን ተራራ ከሚጠሩበት ስም የመጣ ነው። በጠራ ቀን ይታያል፣ በደመና ቀን ይሰወራል፤ ቢታይም ቢሰወርም በውስጡ ትኩስ ነው። በእንዲህ ያለ ተራራ ሥር ያደጉ ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸውን የመጀመሪያ ዘፈን በምድር ሙቀት ሰየሙት።

ከዚህ ስም ጋር ትንሽ እንቆይ። በ1788 ሃተን ከሁለት ወዳጆቹ፣ ከጆን ፕሌይፌርና ከጄምስ ሆል ጋር፣ በጀልባ ሆኖ የስኮትላንድን ምሥራቃዊ ጠረፍ እየታከከ ሲካር ፖይንት ወደሚባል ስፍራ ደረሰ። እዚያ ያየው የድንጋይ ገደል ነው። ከላይ ቀላ ያለ ድንጋይ በትንሹ ዘንበል ብሎ ተነጥፏል። ከሥሩ ያለው ግራጫ ድንጋይ ግን አልተነጠፈም፤ ቆሟል። ንብርብሮቹ በመደርደሪያ ላይ እንደ ተሰደሩ መጻሕፍት ወደ ላይ ቀጥ ብለዋል። ይህ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው፤ ግራጫው በባሕር ወለል ተነጠፈ፣ ደረቀ፣ ተገፍቶ ቆመ፣ ከባሕር ወጣ፣ አናቱ በዝናብ ተላጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀዩ የተነጠፈበት። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው መስመር በእጅ ሊዳሰስ ይችላል። ጣት የምታርፍበት ያ ስስ መስመር 65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ፕሌይፌር ወደዚያ የዘመን ጥልቀት ሲመለከት ራሱን ያዞረው እንደ ነበር ጽፏል።

ከሥር ያለው ድንጋይ ለምን ቆመ? ላዩ ያለው የተረጋጋ ነው፤ ዓይን ያርፍበታል። ከሥር ያለው ግን ተገፍቷል፣ ታጥፏል፣ ጠርዙ ስለታም ነው። አሜሪካን ነርቮሶን ከዊ አር ዘ ሮማንስ በኋላ የሚሰማ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሰማዋል። በሁለተኛው አልበም የባንዱ ሐሳብ ሰፍቷል፤ ሜዳ አግኝቷል። በመጀመሪያው ሐሳቡ ገና ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው። ነርቮሶ በጣሊያንኛ የተረበሸ፣ የማያርፍ ማለት ነው። ሲነኩት ይወጋል።

ከሥር ያለው ድንጋይ ሌላም ነገር ይናገራል። ግራጫው ንብርብር ከሥር አልተወለደም። በራሱ ቀን የምድር ፊት እርሱ ነበረ። ዝናብ በቀጥታ ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ከሥር ያለው ሁሉ አንድ ጊዜ ላይ ነበረ።

ይህን ይዘን ወደ ሙዚቃው እንመለስ፤ መጀመሪያ ወደ ምቱ። ሰው ሲራመድ ሁለት ይቆጥራል፤ አብዛኛው የሮክ ሙዚቃ አራት ይቆጥራል፤ እግርና ጆሮ ይስማማሉ። በዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ውስጥ ግን ቁጥሩ አምስት ይሆናል፣ ሰባት ይሆናል፣ አንዳንዴም መሣሪያዎቹ የየራሳቸውን ቁጥር ይይዛሉ። ጊታሩ በሰባት ሲዞር ድራሙ በአራት ቢቆጥር፣ ሁለቱ እንደገና አንድ ደፍ ላይ የሚገናኙት ከ28 ምት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ተጣሉ መንገደኞች ይለያያሉ፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ሰሚውም የጠፉ ይመስለዋል። ድንገት ግን በአንድ እርምጃ ይወድቃሉ። የእኛን ቺክቺካ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም ስድስቱን ጥቃቅን ምት እጅ ያጨበጭበዋል፤ ሁለቱን ትላልቅ ምት ትከሻ ይይዘዋል፤ በሠርግ ቤት ማንም አይቆጥርም፣ ማንም አይስትም። ሰውነት ሁለት ቁጥር በአንድ ጊዜ መሸከም እንደሚችል ያውቃል።

ወታደሮች ድልድይ ሲሻገሩ የሰልፍ እርምጃቸውን እንዲያፈርሱ ይታዘዛሉ። ሁሉም በአንድ ምት ከረገጡ ድልድዩ ምቱን ይማረዋልና። የታኮማው ድልድይ የወደቀው ውዝዋዜው አንድ ምት ይዞ፣ ያንኑ ምት እየደጋገመ ስላበረታው ነው። ከዚያች ከተማ የወጣው ይህ ሙዚቃ ደግሞ አንድ ምት እንዳይጸና ይተጋል። ጆሮ ለመደ ሲባል ይሰብረዋል፤ እግር ያዘው ሲባል ይቀይረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው የከተማው መልክዓ ምድር ነው፤ የባንዱ ሐሳብ ነው ለማለት ምክንያት የለም። ግን አንዴ ጎን ለጎን ከታዩ በኋላ ነጥሎ ማየት ያስቸግራል። እርምጃን ማፍረስ ለካ የመሻገር ጥበብ ነው።

ምቱን የሚሰብረው ደግሞ ዝምታ ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ዝምታ አለ ብሎ የሚያምን ጥቂት ሰው ነው፤ ነገር ግን ከሌላው ሙዚቃ ሁሉ ይልቅ የተሳለ ዝምታ ያለው እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁ እንዲህ ከፍ ሲል በራሱ ዝም አይልም። ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ማጉያው ያቃስታል፣ ያልተያዘ ድምፅ ሁሉ ይጮኻል። ስለዚህ ተጫዋቹ የእጁን መዳፍ በክሮቹ ላይ ያሳርፋል። ድምፁ ይቆረጣል። በዚያች ቅጽበት የምንሰማው ጸጥታ የእጅ ሥራ ነው፤ አንድ ሰው መዳፉን በጊዜው ስላሳረፈ የተገኘ ነው። አራት ሰዎች በአንድ ቅጽበት እጃቸውን ሲሰበስቡ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። የአልበሙ አራተኛ ዘፈን ርዕስ ለአንድ ደቂቃ የሞተ የሚል ትርጉም አለው። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ምት ከዝምታው በፊት ከነበረው አይበልጥም፤ የተለወጠው ሰሚው ነው።

ስለ ድምፁ ምን እንበል? ቬሬለን ይጮኻል። ቃላቱ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪም ቢሆን በቀላሉ አይለዩም። ብዙ ሰው ከዚህ አያልፍም፤ ጩኸት ነው ይልና ያጠፋዋል። ጩኸት ግን ከጥበብ ውጭ ሆኖ አያውቅም። ፉከራን የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ጉሮሮ ተሰንጥቆ ሲወጣ፣ ቃሉ ከመለየቱ በፊት ፀጉር ሲቆም። ለቅሶ ቤት የቆመ ሰውም ያውቀዋል፤ እናት ደረቷን እየመታች የምታወጣው ድምፅ መጀመሪያ ድምፅ ነው፣ ቃልነቱ በኋላ ነው የሚታወቀው። ሰው ከተለመደው አነጋገሩ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው ድምፁን ከቃሉ ያስቀድማል። በዚህ አልበም ላይ ያለው ጩኸት ያን ቦታ ያስታውሳል፤ ቃል ገና ያልደረሰበትን፣ ትንፋሽ ብቻ የደረሰበትን። ሰባተኛው ዘፈን ደግሞ ለስለስ ብሎ የተነገረ እምቢታ ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ርዕስ ይዟል። የሚጮኹ ሰዎች ለስላሳ ንግግርን በርዕሳቸው አኖሩ።

ሦስተኛው ዘፈን የዳሊ ጸላይ ፌንጣ ብንለው ያስኬዳል፤ የፊት እግሮቿን ለጸሎት እንዳጠፈ ሰው ሰብስባ የምትቆመዋ ነፍሳት ናት፣ አድብታ የምትይዝ። ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ ይህችን ፍጡር ያያት በሌላ ሰው ሥዕል ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ በ1850ዎቹ መጨረሻ ላይ አንጀሉስ የተባለውን ሥዕል ሠራ። ሁለት ገበሬዎች፣ ወንድና ሴት፣ ሲመሽ የድንች ማሳቸው ላይ ቆመው አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ። መካከላቸው ቅርጫት አለ። ዓለም የሰላም ሥዕል ነው አለው። ዳሊ ግን ሰላም አልታየውም፤ የሴቲቱ አቋም አድፍጣ የምትጠብቀውን ነፍሳት መሰለው፤ በቅርጫቱ ስፍራም የሕፃን ሬሳ ሣጥን እንዳለ ጸንቶ ተናገረ። ስለዚህም አንድ መጽሐፍ ጽፎ በ1963 አሳተመ። ሥዕሉ በራጅ ሲታይ ከቀለሙ ሥር፣ በኋላ የተሸፈነ፣ ሣጥን የሚመስል ጥቁር ቅርጽ ተገኘ።

ያ ቅርጽ በርግጥ ሣጥን ይሁን ሌላ፣ ከላይ ያለውን ሥዕል ለውጦታል። ቀለሙ ያው ነው፤ ምሽቱ ያው ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ያው ቆመዋል። ግን አንዴ ከሥሩ ሌላ ነገር መኖሩን ያወቀ ዓይን ቅርጫቱን እንደ ዱሮው አያየውም። ሲካር ፖይንት ላይ መስመሩን የዳሰሰ ጣትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን አልበም የሰማ ጆሮም ወደ ሁለተኛው ሲመለስ እንዲሁ ነው፤ በሰፊው ሜዳ ውስጥ የቆመው ድንጋይ ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ይሰማዋል።

ከዘጠኙ ዘፈኖች መካከል አምስተኛው ኦማ ይባላል። በደችና በጀርመንኛ ኦማ አያት ማለት ነው፤ ሴት አያት። ከላይዋ አራት ዘፈኖች፣ ከታችዋ አራት ዘፈኖች። ሃተንና የሆንግ ኮንጉ የፊልም አዘጋጅ ጆን ዉ፣ ዳሊና ሞት ከወዲያ፤ ንቦችና እምቢታ፣ ጥቁር ምራቅና ቀፎዎች ከወዲህ። መካከል ላይ የአንዲት አሮጊት መጠሪያ። ይህን ቅደም ተከተል አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት፣ አቀማመጡ ዓይን ይይዛል። በየቤቱ እንዲህ ነው። ሁሉም ይወጣል፣ ሁሉም ይገባል፣ ወጣቱ ይጮኻል፤ አያት በመካከል ተቀምጣለች። ማንም ስለ እርሷ አይናገርም፤ ሁሉም በእርሷ ዙሪያ ይዞራል። እርሷም አንድ ጊዜ የቤቱ ወጣት ነበረች።

ስድስተኛው ርዕስ ስለ ሠራተኛ ንቦች ተመስገን የሚል ነው፤ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ቀፎዎች ይባላል። በእንግሊዝኛ ያው ቃል ቆዳ ላይ ድንገት የሚወጣ ሽፍታም ማለት ነው፤ እናም አልበሙ በቀፎ ያብቃ ወይም በሚያሳክክ ቆዳ፣ ምርጫው ለሰሚው ቀርቷል። ስለ ንብ የሚያውቅ ሰው ግን ቀፎው ላይ ይቆያል። በሥራ ወቅት የተፈለፈለች ሠራተኛ ንብ ስድስት ሳምንት ያህል ትኖራለች። መጀመሪያ ቀፎውን ታጸዳለች፣ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፤ በመጨረሻ ዕድሜዋ ነው ወደ አበባ የምትወጣው። ክረምታቸው በሚበርድ አገሮች የበጋው ንብ ያከማቸችውን ማር አትበላውም። ማሩ የሚበላበት ጊዜ ሲደርስ እርሷ የለችም። የሚበሉት በኋላ የተፈለፈሉት ናቸው፤ እርሷ በጋገረችው ሰም ላይ ተጠጋግተው፣ እርሷ ባመጣችው ማር ክረምቱን ይሻገራሉ።

በዚህ አልበም ላይ የሠራ ሌላ ሰውም አለ። ማት ቤይልስ ይባላል፤ ድምፁን የቀዳው እርሱ ነው። ሁለተኛውንም አልበም የቀዳው እርሱ ነው። ከዓመታት በኋላ የአይሲስን ኦሺያኒክ እና የማስቶዶንን ሌቫያታን ሠራ፤ እነዚያም በከባድ ሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ ስማቸው የሚጠራ ሆኑ። አልበም ሲሰማ የቀዳው ሰው አይሰማም። የድራሙ ቆዳ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ፣ ቤዙ ከጊታሩ ሥር ምን ያህል ጠልቆ እንደ ተቀመጠ፣ ዝምታው ምን ያህል ንጹሕ እንደ ሆነ የወሰነ እጅ ግን አለ። ማሩን ስንቀምስ ሰሙን አናስብም።

ባንዱ ራሱ ዕድሜው ረጅም አልሆነም። ጁን 15 ቀን 2002 በሲያትል ሾውቦክስ አዳራሽ የመሰነባበቻ ዝግጅቱን አቀረበና ተበተነ። ክኑድሰን ወደ ማይነስ ዘ ቤር ሄደ፤ ኩክ ወደ ዚዝ አርምስ አር ስኔክስ፣ ኋላም ወደ ረሽን ሰርክልስ፤ ቬሬለን ደግሞ ቆይቶ ናሮውስ በሚባል ባንድ ውስጥ ድምፁን አሰማ። ስሙ የዚያ የባሕር መተላለፊያ ስም ነው። በ2007 አሜሪካን ነርቮሶ ተጨማሪ ቅጂዎች ታክለውበት እንደገና ታተመ፤ በናሮውስ ውኃ ላይ ሁለተኛው ድልድይ ከ1950ው ጎን ለመንገደኛ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነበር። በ2022 አራቱ ሰዎች ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ አንድ አዲስ ዘፈን አወጡ፤ በ2023 ወደ መድረክ ተመለሱ። ወጣት ሆነው የሠሩትን ጎልማሳ ሆነው ተጫወቱት። ከሥር ያለው ንብርብር፣ ሃተን እንዳለው፣ አንዳንዴ በሙቀት ተገፍቶ ይወጣል።

ቢሆንም አልበሙን ለመስማት መድረክ አያስፈልግም። አንድ ማታ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ መብራቱን ቀንሶ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መቀመጥ ይበቃል። ከዚያም አንድ ነገር መሞከር ይቻላል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣውን ሁሉ መርሳት። 1999 ገና አልደረሰም። ሁለተኛ አልበም የለም። ስም የለም፣ ዝና የለም፣ የተከተላቸው የለም። አራት ወጣቶች በተራራ ሥር ባለች ከተማ ውስጥ ያላቸውን ሁሉ ይዘው ቆመዋል፤ ያላቸው ሁሉ ይህ ነው። እንዲህ ሲሰማ ሙዚቃው የሌላ ነገር መጀመሪያ መሆኑ ይቀራል። ዝናብ በቀጥታ የሚያርፍበት የምድር ፊት ይሆናል።

የመጀመሪያው የታኮማ ድልድይም አራት ወር ሙሉ ድልድይ ነበረ። በእነዚያ ወራት በላዩ የተሻገሩ ሰዎች የሚወድቅ ነገር ላይ እየሄድን ነው አላሉም፤ ለሚቀጥለው ድልድይ መሠረት ላይ ነን አላሉም። ከወዲህ ዳር ተነሥተው ከወዲያ ዳር ደረሱ። በነፋስ ጊዜ ወለሉ ከፍ ዝቅ ሲል የፊታቸው መኪና ሲሰወርና ሲወጣ ያዩ ነበር። ከዚያም ወደየቤታቸው ገቡ።

ዘጠነኛው ዘፈን ያልቃል። ጆሮ ውስጥ ጥቂት ጊዜ የሚቆይ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ይቀራል፤ ቀስ ብሎ እርሱም ይሄዳል፤ የቤቱ ጸጥታ በቦታው ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ናሮውስ ላይ ውኃው ወይ እየገባ ነው ወይ እየወጣ ነው። ላይ መኪናዎች ያልፋሉ። ከሥር፣ ብርሃን በማይደርስበት፣ በወደቀው ብረት መካከል ዓሣ ይመላለሳል።